በአሶሳና በቤኒሻንጉል ቆላ በበጋ ወራት ለፍየል ስለሚሰጥ ተጨማሪ መኖ

በቆላ አገር የክረምቱ ሣር ብዙ፣ የበጋው መኖ ግን ጥቂት ነው። የአሶሳ ከተማ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ስትሆን፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ሲወረድ የሚገኙት ሸርቆሌና ኩርሙክ ከርሷ ዝቅ ያሉ፣ ሙቀትም የሚበረታባቸው አገሮች ናቸው። ዝናቡ በጥቅምት ካበቃ በኋላ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሣሩ ይደርቃል። በብዙ ስፍራ ገንዲ የሚባለው በሽታ በሬና ላም ማርባትን አስቸጋሪ ስለሚያደርግ፣ ፍየል ለበርታውና ለጉሙዙ ባላገር ትልቅ ሀብት ነው። ስለዚህ በመጋቢት ፍየሉ ሲከሳ የሚጎድለው ሥጋና ወተት ብቻ አይደለም፤ ለልብስ፣ ለመድኃኒትና ለልጆች ትምህርት የሚውለው ገንዘብም አብሮ ይጎድላል።

ፍየል የደረቀ ሣር በልታ ሆዷ ሞልቶ ሳለ የምትከሳበት ምክንያት ይህ ነው። በጨጓራዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ፤ ሣሩን የሚያላሙላት እነርሱ ናቸው። እነዚህም ሥራቸውን በደንብ እንዲሠሩ ከመኖው ከመቶ 7 እጅ ያህል ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ መሆን አለበት። የበጋ ሣርና የማሽላ አገዳ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ነው። እንግዲህ ተጨማሪ መኖ የሚሰጠው ለማደለብ ብቻ ሳይሆን፣ ያለው ደረቅ መኖ ለእንስሳዋ ጥቅም እንዲሰጥ ነው።

ለዚህ የሚሆነው ነገር ከአገሩ አይጠፋም። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ 30 እጅ ያህል ፕሮቲን አለው። የለውዝ ሐረግም ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ሳይረግፍ ቢደርቅ መልካም መኖ ነው። ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ ቅጠልም ይጠቅማል። ለደረሰች ፍየል በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ፋጉሎ ይበቃል፤ ነገር ግን በ50 ግራም ተጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል። ፋጉሎው ጥቂት ከሆነ ለመንጋው ሁሉ ከማካፈል ይልቅ፣ ለመውለድ ስድስት ሳምንት ለቀራቸውና ለሚያጠቡ እናቶች ቅድሚያ መስጠት ይሻላል።

መኖ ሲላም በሰውነት ውስጥ ሙቀት ይፈጥራል። ስለዚህ ተጨማሪው መኖ ጧት ፀሐይ ሳትበረታና ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰጥ፤ ቀትር ላይ ከብቱ በጥላ ሥር ይረፍ። ጨውም እንደ ልብ እንድትልስ የአሞሌ ቁራጭ በበረቱ ይሰቀልላት፤ ንጹሕ ውሃ ግን ከአጠገቧ አይጥፋ፤ ጨው ያለ ውሃ ጉዳት ነውና።

ከሁሉ በላይ የሻገተ ለውዝና የሻገተ ፋጉሎ ለከብት እንዳይሰጥ መከልከል ይገባል። በ1952 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር 1960) በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች ያለቁት የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ በልተው ነው። መርዙ አፍላቶክሲን ይባላል፤ ጉበትን ይጎዳል፤ በወተትም በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ ለውዝ ወዲያው እንደ ተነቀለ በደንብ ይድረቅ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይም ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ግን መሠረቱ ድርቆሽ ነው። በየዓመቱ በበጋ ሣሩ በእሳት ሲነድ የመጋቢት መኖ በኅዳርና በታኅሣሥ አመድ ይሆናል። ሣሩ አበባ ማውጣት ሲጀምር ታጭዶ፣ ደርቆና ተከምሮ ቢቀመጥ፣ በዙሪያውም እሳት እንዳይሻገር መሬቱ ቢመነጠር፣ ጥቂት ፋጉሎ ብዙ ፍየል ያድናል።

እንግዲህ የየወረዳው ሹማምንትና ባለይዞታዎች እሳቱ ከመለቀቁ አስቀድሞ፣ በጥቅምት ወር፣ ባላገሩን ሰብስበው ይህን ማስረዳትና የድርቆሽ ክምር መቆሙን በየቀበሌው እየዞሩ መመልከት ይገባቸዋል። በመጋቢት የሚሰጥ ምክር ለዚያ ዓመት ፍየል አይደርስላትም።