በሯን የምትዘጋው እንስሳ

የቤት እንስሳ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ውሻና ድመት ነው። አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ግን የሚያሳድገው ታራንቱላ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ስላደግን ሸረሪትን የምናውቃት በድሯ ነው፤ የእሱ ግልገል ግን መሬት ቆፍራ የምትኖር ዓይነት ናት።

በቅርቡ ቦሌ እናቴ ቤት ሆነን በቪዲዮ ደወለ። “አክስቴ፣ ጉድጓዷን በአፈር ደፈነችው፤ ከበላች ሦስት ሳምንት ሆናት። ቆፍሬ ላውጣት?” አለኝ። እናቴ ቀደም ብላ “ሞታለች፣ አውጥተህ ጣላት ልጄ” አለችው። እኔ ግን “ተው፣ አትንካት!” አልኩት።

ታራንቱላ የምታድገው አሮጌ ቆዳዋን እየጣለች ነው። ጊዜው ሲቃረብ መብላት ታቆማለች፤ ቆፋሪዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራቸውን ይዘጋሉ። አዲሱ ቆዳ ለስላሳ ስለሆነ በዚያ ሰዓት የቆፈራት ሰው ሊገድላት ይችላል። መንከሻዋ እስኪጠነክርም ምግብ መስጠት አያስፈልግም። ልጁ ታገሠ፤ እሷም ከቀናት በኋላ አድጋ ብቅ አለች።

ሌላው እንክብካቤ ብዙ አያደክምም። ለግልገል አየር የሚያስገባ፣ ክዳኑ የሚገጥም ትንሽ ዕቃ ይበቃታል። ዋናው አፈሩ ነው፦ ለመቆፈር የሚበቃ ጥልቀት ያለው፣ ከታች ረጠብ ያለ። ከፍ ካለ ቦታ ከወደቀች ሆዷ ሊፈነዳ ስለሚችል ከአፈሩ በላይ ያለው ክፍተት አጭር ይሁን። ምግቧ ከሆዷ የማይበልጥ ፌንጣ ነው፤ ሳትበላ የተወችውን ማውጣት ይገባል። ፍሊት በተነፋበት ቤት የተያዘ በረሮ ግን ሊመርዛት ይችላል።

ልጅ “ይገዛልኝ” ሲል ወላጅ ዕድሜዋንም ያስብ። ሴቷ እንደ ዝርያዋ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተከታተሏት፣ “ቁጥር 16” የተባለች የታራንቱላ የሩቅ ዘመድ በዱር 43 ዓመት ኖራለች። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከቤት ሲወጣ ሸረሪቷ ለእናትና አባት ትቀራለች ማለት ነው።

ከገርጂ እስከ አያት ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ከሜዳ ሸረሪት ይዘው እንዳይመጡ፣ ጉድጓድም ውስጥ እጃቸውን እንዳይከቱ ንገሯቸው። የአፍሪካ ታራንቱላዎች እንደ ብዙዎቹ የአሜሪካ ዘመዶቻቸው የሚያሳክክ ፀጉር አይበትኑም፤ ሲነኩ መንከስ ይቀናቸዋል፤ ንክሻቸውም ክፉኛ ያማል። ማየት የጓጓ ልጅ ካለ ሲመሽ ባትሪ ይዛችሁ አብራችሁት ውጡ፤ ራቅ ብላችሁም የጉድጓዱን አፍ አሳዩት።