ጭስ ወይስ ዘር?

በአየር ቧንቧ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለ አንድ ሕዋስ ሁለት መቶ ያህል ፀጉር መሰል ዘንጎች አሉት፤ ሲሊያ ይባላሉ። ርዝመታቸው ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ቢያንስም በሰከንድ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ እየተወዛወዙ አክታውን ከያዘው አቧራና ተህዋስ ጋር ወደ ጉሮሮ ይገፉታል።

የአንዳንድ ሰው ሲሊያ ግን ከልደት ጀምሮ አይንቀሳቀስም፣ ወይም ያለ ሥርዓት ይርገበገባል። ሕመሙ ፕራይመሪ ሲሊያሪ ዲስኪኔዥያ ይባላል። ሕፃኑ አፍንጫው እንደታፈነ ይኖራል፤ እርጥብ ሳል አይለቀውም፣ ጆሮው ይመግላል፣ ሳንባው ደጋግሞ ይታመማል። ከታማሚዎቹ የግማሾቹ ልብ በቀኝ በኩል ናት፤ በፅንስነት ጊዜ ግራና ቀኝን የሚለየውም የሲሊያ እንቅስቃሴ ነውና። ምልክቶቹን እ.ኤ.አ. በ1933 በዝርዝር የጻፈው የዙሪኩ ሐኪም ማኔስ ካርታገነር ነው። ጥፋቱ ከሲሊያ መሆኑን ግን ስዊድናዊው ብዮርን አፍዜልዩስ በ1976 እስኪያሳይ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ።

ሕመሙን የሚያመጡ ከ50 በላይ ዘረ መሎች ታውቀዋል። ልጁ የሚታመመው አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸውን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። በአማራ አገር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ የሚከለከለው ጋብቻ ይህን አጋጣሚ ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

አስቸጋሪው ነገር መለየቱ ነው። ከአፍንጫ በቀጭን ብሩሽ ተጠርጎ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሲሊያው የተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱ የተወረሰ ነው ማለት ግን አይደለም። በአንበሳሜ ወይም በጣና ዳር ገጠር፣ በእንጨትና በኩበት ጭስ መካከል ያደገ፣ ጉንፋን የሚመላለስበት ልጅ ጤነኛ ሲሊያውም ሊጎዳ ይችላል። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ደግሞ በቅድሚያ ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል፤ ተገቢም ነው።

ሕዋሳቱን በላቦራቶሪ ማሳደግ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከብሩሹ የተገኙት ሕዋሳት ልክ እንደ ችግኝ በምግብ ፈሳሽ ውስጥ እንዲባዙ ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ አሮጌው ሲሊያ ይረግፋል። ከዚያ ቀዳዳማ ስስ ሽፋን ላይ ይሰፍራሉ፤ ምግባቸው ከታች ይመጣል፣ ላያቸው ለአየር ክፍት ይሆናል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ ሲሊያ ይበቅላል። ይህ ሲሊያ ጭስም ጉንፋንም አላየም፤ በደንብ ከተወዛወዘ ጥፋቱ የመጣው ከውጭ ነው፣ ያው ጉድለት ከተደገመ ግን ምንጩ ዘር ነው። በሰከንድ 500 ያህል ምስል በሚያነሳ ካሜራ ተቀርጾ ቀስ ተደርጎ ሲታይ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጤነኛ መስሎ የሚያልፈው እንኳ ይጋለጣል። ዲኤንኤኤች11 የተባለው ዘረ መል ሲበላሽ የሲሊያው ቅርጽ ደህና ነው፤ አወዛወዙ ግን ድርቅ ያለ ነው።

ዘዴው ቀላል አይደለም። ሕዋሳቱ 37 ዲግሪ ሙቀት ሳያቋርጥ ይፈልጋሉ፤ መብራት በሚጠፋበት ላቦራቶሪ የሳምንታት ልፋት በአንድ ሌሊት ይባክናል። ባክቴሪያና ሻጋታም ይገቡባቸዋል፤ አንዳንዱ ናሙና ደግሞ ጭራሽ አያድግም። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች በዘዴው ብቻ አይፈርዱም፤ የዘረ መል ምርመራንና ከአፍንጫ የሚወጣውን የናይትሪክ ኦክሳይድ መጠን አብረው ያያሉ፤ በሕመሙ በተያዙ ሰዎች ላይ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ዝቅ ያለ ነው።