ጓሳ፦ ማጭድ ያቆየው ሣር

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አውቶቡሱ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ታጥፎ ብዙ ከተጓዘ በኋላ፣ በመስኮቱ ማዶ ማለቂያ የሌለው ቢጫማ ሣር ታየኝ። «ይኼን ሁሉ ባዶ ሜዳ ምነው የሚያርሰው ጠፋ?» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ቀስ ብለው ዘወር አሉና፣ «ልጄ፣ ባዶ ያልኸው የአያቶቻችን የቤት ክዳን ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጓሳ ከሰው ጋር መከራከር ሥራዬ ሆነ።

ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅብራ፣ አስታ፣ ጨረንፌ ይበቅልበታል። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ የሚወርደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ይኼን ያህል ይበቃል፤ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ።

ብዙ ሰው ጓሳ የቆየው ማንም ስላልነካው ይመስለዋል። «ያልተነካ ተፈጥሮ» የሚለውን ሐረግ በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ጓሳ እኮ ስንት ዘመን ሲነካ የኖረ መሬት ነው! ታጭዷል፣ ተግጧል፣ ተፈትሎ ገመድ ሆኗል፣ ተጎንጉኖ እረኛ በክረምት የሚደርበው ገሳ ሆኗል። የቆየውም ስለተነካ ነው፤ ግን በሕግ ስለተነካ።

የሕጉ ስም ቄሮ ነበር። (ከቅርብ ዓመታቱ የፖለቲካ ቃል ጋር አይምታታብዎ።) አጀማመሩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ መሬቱን ያቀኑት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ናቸው ይላል የአገሩ ሰው። የመጠቀም መብት የነበራቸው ከእነሱ ተወልደናል የሚሉ ባለርስቶች ነበሩ። እነሱ አለቃ ይመርጡ ነበር፤ አለቃው ጓሳውን ይዘጋ ነበር። ሲዘጋ ለአንድ ክረምት ብቻ አይደለም፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ድረስ ማጭድም ከብትም አይገባበትም ነበር። ተራ ደርሶት ለጥበቃ የሚጠራ ጎልማሳ «ሥራ አለብኝ» ብሎ አይቀርም ነበር።

ሣሩ ደረሰ ሲባል በበጋ ይከፈት ነበር። መጀመሪያ አጫጁ ይገባል፣ ክዳኑን ይሸከማል። ከብቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናብ ሲጥል እንደገና ይዘጋል። ድርቅ ከመጣ ግን ሰውና ከብት እንዳያልቅ ቀድሞ ይከፈታል። እንግዲህ ይኼን ሥርዓት የአንድ መንደር የጋራ ጎተራ ብንለው ማጋነን አይሆንም።

ሣሩ ራሱ ለዚህ ሕግ የተመቸ ነው። ጓሳ ከዓመት ዓመት የሚኖር፣ ችምችም ብሎ የሚበቅል ሣር ነው፤ የሚያድገውም ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ አጠገብ ነው። ስለዚህ ማጭድ ከላይ ቢቆርጠው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከሥሩ የነቀለው ወይም ማረሻ የገለበጠው ግን አለቀለት። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ማረሻ ስመኝለት አዛውንቱ ለምን እንዳዘኑብኝ የገባኝ ይኼን ስረዳ ነው። በአሜሪካ ካንሳስም ፕሬሪ የሚባለውን የአገር በቀል ሣር ሜዳ የሚጠብቁ ሰዎች በፀደይ ወራት ሆን ብለው ያቃጥሉታል፤ ካልተቃጠለና ካልተጋጠ ቁጥቋጦና ዛፍ ይወርሰዋል። መንዝ በእሳት ፈንታ ማጭድ መረጠ እንጂ፣ ሣር ሜዳን ዝም ብሎ በመተው ብቻ ማቆየት እንደማይቻል ሁለቱም ያውቃሉ።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ወደቀ። ሆኖም የአካባቢው ሰው ነገሩን አልተወውም፤ በዙሪያው ካሉ የገበሬ ማኅበራት ተወካዮች ተውጣጥተው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ። ርስቱ ቀረ፣ የመዝጋትና የመክፈት ልማዱ ግን በሌላ ስም ቀጠለ።

ስለ እንስሳቱ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ እሷን ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጭላዳ (እባክዎ ዝንጀሮ አይበሉት) በዋነኛነት ሣር ግጦ የሚኖር፣ በወገኖቹ ዘንድ አምሳያ የሌለው እንስሳ ነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ሥጋ በል ነው። ግን በጓሳ ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል እየተንጎራደደ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። በፈረንጆቹ 2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከሙከራው 25 በመቶ ያህሉ ይሳካለታል፤ በጭላዳ መሐል ሲሆን ግን 67 በመቶ። የጭላዳ ግልገል አጠገቡ እያለ አብዛኛውን ጊዜ ዞር ብሎም አያየውም። በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ ከ500 እንደማይበልጥ ሲያስቡት፣ ይኼ ጉርብትና ቀላል ነገር አይደለም።

ይኼን ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ግን መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ሣሩ ላይ ይነዳል። ብስኩት የሚወረውርም አይቻለሁ፤ ሣር ለሚበላ ፍጥረት ብስኩት!

እኔን የሚያሰጋኝ ግን ጎብኚው አይደለም፣ ቆርቆሮው ነው። የመንዝ ቤት እየተለወጠ ነው፤ ቆርቆሮ የከደነ ሰው ክዳን ሣር አያጭድም። ጓሳን ስንት ዘመን ያስጠበቀው ውበቱ አልነበረም፣ ተፈላጊነቱ ነው። የማይፈለግ ሣር ደግሞ ጠባቂ አያገኝም። ስለዚህ ከሄዱ፣ ማደሪያዎ የማኅበረሰቡ ማረፊያ ይሁን፣ መሪዎ የአገሩ ልጅ ይሁን፣ ከጓሳ የተፈተለ ገመድ ካገኙም ዋጋ ሳይከራከሩ ይግዙ። ሜዳውን ደግሞ ባዶ አይበሉት። አጠገብዎ ማን እንደተቀመጠ አያውቁም።