ካሜራ የለኝም፣ የሚነሳም ነገር የለም

ፎቶ ማንሳት እንዴት እንደሚያሳርፍ ለሰው ሳወራ መጀመሪያ የምሰማው «እሱማ ካሜራ ላለው ነው» የሚለውን ነው። ከዚያ «እኛ ሰፈር ደግሞ ምን የሚነሳ ነገር አለ?» ይከተላል። ሁለቱም ከልብ የሚነገሩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ልክ አይደሉም። ስንቱ ሰው በእነሱ የተነሳ ከሥራ መልስ ጭንቅላቱን የሚያሳርፍበትን ነገር ሳይሞክረው ይቀራል።

ከካሜራው እንጀምር። ስልክ ሻጮች የሜጋፒክሰል ቁጥር እየጠሩ ሲያሻሽጡ ስለኖሩ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፎቶው የሚያምር ይመስለናል። ፎቶ ቤት አሳጥበን አልበም ውስጥ የምናስገባው 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ ግን ጥርት ብሎ ለመውጣት ወደ 2 ሜጋፒክሰል ይበቃዋል፤ ኤ4 ወረቀት የሚያክለው እንኳ 9 አይሞላም። ዛሬ እጃችን ላይ ያለ ተራ ስልክ ከዚህ ያልፋል። የስልክ ካሜራ ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ ጨለም ሲል ምስሉ ይሻክራል፤ በጣት ዘርግተን ዙም ስናደርግ ደግሞ ብዙው ስልክ ምስሉን ቆርጦ ከማተለቅ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። የሁለቱም መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወደ መስኮት መጠጋት፣ ወደሚነሳው ነገር መራመድ። በኪስ ላብና በጣት ቅባት የደበዘዘ ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ ሲደረግ ብቻ «አርጅቷል» የተባለ ካሜራ ነፍስ ይዘራል።

«የሚነሳ ነገር የለም» የሚለው ሐሳብ ላሊበላን፣ ሰሜን ተራሮችንና ዳሎልን በካላንደር ላይ እያዩ ከማደግ የመጣ ይመስለኛል። ሩቅ መሄድ ግን ግድ አይደለም። የቼኩ ፎቶ አንሺ ዮሴፍ ሱዴክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1954 የገዛ ስቱዲዮውን መስኮት ደጋግሞ አነሳ፤ ጤዛ ያዘለ መስታወት፣ ከደጅ የቆመች ጠማማ ዛፍ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ። ዛሬ ስሙ ከሚነሳባቸው ሥራዎቹ ዋናዎቹ እነዚያ ናቸው። ኒው ዮርክ የኖረው ሶል ላይተርም ብዙዎቹን የቀለም ፎቶዎቹን ያነሳው ቤቱ አካባቢ ባሉ መንገዶች ሲሆን፣ ዝናብ የመታው የካፌ መስታወትና ጃንጥላ የያዘ መንገደኛ ይበቁት ነበር።

ብርሃንን በተመለከተ ያለው ስህተት ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። በፊልም ዘመን «ፊትህን ወደ ፀሐይ አዙር» ይባል ነበር፤ አሁንም ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል ከጥላ ወደ ፀሐይ ይወጣል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ትወጣለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት የተነሳ ሰው ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ተሸፍኖ ጉድጓድ ይመስላል። ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ የግድግዳውን ልስን፣ የኮብልስቶኑን ሸካራ፣ የሽማግሌውን ጋቢ ጥለት ሁሉ ያወጣል። ክረምትም ለፎቶ አይሆንም ይባላል፤ ደመናው ግን ሰማዩን የሚያህል ነጭ መጋረጃ ነው፤ ፀሐይን አጣርቶ ለፊት፣ ለአትክልትና ለጉልት ሽንኩርት የሚስማማ ለስላሳ ብርሃን ያወርዳል።

ከጎን የሚመጣ ብርሃን ምን እንደሚያደርግ ለማመን ከምግብ የተሻለ ማስረጃ የለም። የበያይነቱን ፎቶ በፍላሽ ያነሳ ሰው የሚያገኘው የሚያብረቀርቅ ዘይትና ጠፍጣፋ እንጀራ ነው። ፍላሹ ከሌንሱ ጎን ስለሆነ ጥላን ሁሉ ያጠፋል፤ እንጀራን እንጀራ የሚያስመስለው ደግሞ ዓይኑ ነው፣ ዓይኑም የሚታየው በጥላ ነው። ያንኑ ትሪ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፣ የቤቱን አምፖል አጥፉት። እያንዳንዱ ዓይን በአንድ ጎኑ ቀጭን ጥላ ይይዛል፤ የምስሩ ፍሬ፣ የጎመኑ እጥፋት፣ የሽሮው ጠርዝ ላይ የወጣችው ቅባት ለየብቻቸው ይታያሉ። አምፖሉን አጥፉ ያልኩት የአምፖል ብርሃን ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ፣ የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ነው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ካሜራው ለአንዱ ሲያስተካክል ሌላው ይበላሻል። የቡና እንፋሎት የማይወጣልን ከሆነም የስልኩ ጥፋት አይደለም። ጥቃቅኖቹ የውሃ ጠብታዎች ጎልተው የሚያበሩት ብርሃኑ ከበስተኋላቸው መጥቶ፣ ጀርባቸው ደግሞ ጠቆር ያለ ሲሆን ነው። ሲኒውን በራሳችሁና በመስኮቱ መካከል አድርጋችሁ፣ ከመስኮቱ ጎን ያለውን ጨለም ያለ ግድግዳ ጀርባው ላይ አውሉት።

ስለ ማክሮ፣ ማለትም ጥቃቅን ነገሮችን በጣም ቀርቦ አጉልቶ ስለማንሳት የሚወራው «ውድ ሌንስ ካልተገዛ አይሞከርም» ነው። እውነተኛ ማክሮ ሌንስ አንድን ነገር በሴንሰሩ ላይ በራሱ መጠን ስለሚያሳርፍ ልዩነቱ የሚካድ አይደለም፤ ለመጀመር ግን ስልክ ላይ የምትቆነጠጥ አጉሊ ሌንስ ትበቃለች። ጀማሪ የሚሳሳተው ከልክ በላይ በመጠጋት ነው፤ ካሜራው ፎከስ እስኪያደርግ ራቅ ማለትና ኋላ ምስሉን መቁረጥ ይሻላል። መስከረም ላይ አደይ አበባን በዚህ መንገድ ያየ ሰው አንድ አበባ መሆኗን ይጠራጠራል፤ ልክም ነው። ዙሪያዋን ያሉት ቢጫ «ቅጠሎች» እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባዎች ናቸው፤ መሐሏ ላይ የተጨናነቁት ነጠብጣቦችም እንዲሁ ጥቃቅን አበባዎች ናቸው። የመሐሎቹ የሚፈኩት ከዳር ወደ ውስጥ ነው፤ የዳሮቹ ተከፍተው ብናኝ ሲያወጡ የውስጦቹ ገና እንቡጥ ናቸው። በትልቅ ካሜራ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ሆኖ፣ በማክሮ ልክ ሲነሱ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ትንፋሽ ያንን ይበልጣል። ስለዚህ ሰው ትንፋሹን አውጥቶ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ነፋሱ ጋብ እስኪል ይጠብቃል። ለእኔ የማክሮ ዕረፍት ያለው እዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም። ማለዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ነፍሳት የሰውነታቸው ሙቀት በአየሩ ላይ ስለሚመሠረት ብርዱ አዝግሟቸው አይሸሹም።

የመንገድ ፎቶ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንዱ «አደባባይ የወጣ ሰው ይነሳል፣ ፈቃድ ምን ያደርጋል» ይላል፤ ሌላው ካሜራ ማውጣት በራሱ ወንጀል ነው ብሎ ይፈራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ ሰውየው ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲፈለግ፣ ወይም ፎቶው ሕዝብ ፊት ከተካሄደ በዓልና ክንውን ጋር ሲያያዝ። ስለዚህ በጥምቀት ጃን ሜዳ የሞላውን ሕዝብ ማንሳትና ጉልት ላይ የተቀመጡ አንዲት እናትን ለይቶ አንስቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ አንድ አይደሉም። ጥበቃ የቆመበት ግቢ ፊት ካሜራ አለማውጣትም ብልህነት ነው። ከሕጉ በፊት ግን ሰላምታ አለ። «እማማ፣ በርበሬውን ሲለቅሙ እጅዎን ብቻ ላንሳ?» ሲባሉ «ለምንህ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ «ለራሴ ነው፣ ይኸው ይዩት» ሲባሉ ደግሞ ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ አይሆንም ካሉም ምስጋና ሰጥቶ ማለፍ ነው። ተደብቆ የሚያነሳ ሰው ግን ልቡ እየመታ የሚያርፍበት መንገድ የለም።

የመጨረሻው አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ «ፎቶ የሚያነሳ ሰው ያለበትን አያይም» የሚለው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊንዳ ሄንከል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ተማሪዎች በሙዚየም ውስጥ ፎቶ ያነሷቸውን ዕቃዎች ዝም ብለው ካዩዋቸው ያነሰ አስታወሱ። አንድ ክፍሉ ላይ ዙም አድርገው ያነሱትን ግን ዝም ብለው ካዩት ያነሰ አላስታወሱም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ክሪስቲን ዲል፣ ጋል ዛውበርማንና አሊክሳንድራ ባራሽ በዘጠኝ ሙከራዎች እንዳዩት፣ በአውቶቡስ ከተማ ሲጎበኙም ሆነ ምሳ ሲበሉ ፎቶ ያነሱ ሰዎች ካላነሱት የበለጠ ተደስተዋል፤ ምክንያቱም ይበልጥ ልብ ብለው ነበር። እነዚሁ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ሌላ ነገር አከሉ፤ ለመለጠፍ ብሎ የሚያነሳ ሰው ለራሱ ከሚያነሳው ያነሰ ይደሰታል፣ ሌሎች ምን ይሉኛል የሚለው ሐሳብ ስለሚከተለው። ስለዚህ ለማረፍ የሚወጣ ሰው የሚያነሳውን እንደማይለጥፍ ከቤት ሳይወጣ ይወስን። መምረጡንና ማጥፋቱንም ማታ ቤት ሲገባ ያድርገው፤ በ2016ቱ ሙከራ እዚያው እያሉ ፎቶ እንዲያጠፉ የተደረጉት ሰዎች ያ ተጨማሪ ደስታ ቀርቶባቸዋል።