የሰውን ጭንቀት የሚያደምጡትን ማን ያድምጣቸው?

ሰውን የሚያደክመው ሸክምና የጉልበት ሥራ ብቻ አይደለም። ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ የሌላውን ኀዘን፣ ፍርሃትና ተስፋ መቁረጥ ማድመጥም ያደክማል። ውድ አንባብያን፣ ከመካከላችሁ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ወይም የሥነ ልቦና አማካሪ የሆናችሁ ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችሁም በዚህ ሙያ የተሰማራች እህት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት አትጠፋችሁም።

ይህ ድካም የሥራ ዝለት ይባላል። ሁኔታውን በሙያ ጽሑፍ በሰፊው ያስተዋወቁት ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1974 ነበር። እኒህ ሰው ቀን በግል ሥራቸው፣ ማታ ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ይሠሩ ስለነበር፣ ዝለቱን በባልደረቦቻቸው ብቻ ሳይሆን በራሳቸውም ላይ አይተውታል። በተለይ የሚጠቁት ሥራቸውን ከልብ የሚወዱትና ራሳቸውን የማይቆጥቡት መሆናቸውንም ገልጸዋል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

እንቅልፍ እንቢ ይላል፤ ራስ ምታትና የሆድ ሕመም ይመላለሳል፤ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ይመጣል። ሠራተኛዋ በሥራ ቦታ የምታሳልፈው ሰዓት ይረዝማል፣ የምትሠራው ግን ያንሳል። ከሁሉም የሚከፋው፣ ቀድሞ ታዝንለት የነበረው በሽተኛ እንደ ተራ ቁጥር ሲታያትና «የእኔ ድካም ለማን ጠቀመ?» ማለት ስትጀምር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ፣ የሥራ ዝለት በሽታ ሳይሆን በወቅቱ መላ ካልተበጀለት የሥራ ውጥረት የሚመጣ ሁኔታ እንደሆነ አስፍሯል። ስለዚህ የመፍትሔው ኃላፊነት በሠራተኛዋ ትከሻ ላይ ብቻ መጣል የለበትም። በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ በብዙ ሥፍራ ሸክሙ የሚያርፈው በነርሶች ላይ ነው።

ምን ይደረግ?

ሌላው ሠራተኛ የዋለበትን ችግር ማታ ለቤተሰቡ ወይም በቡና ላይ ለጎረቤቱ አውርቶ ይቀለዋል። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዋ ግን የበሽተኛዋን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለባት የሰማችውን ይዛ ታድራለች። ስለሆነም ምስጢሩ ሳይባክን የልቧን የምትናገርበት ቦታ በሥራዋ ላይ ሊዘጋጅላት ይገባል። በብሪታንያ የአማካሪዎች የሙያ ማኅበር አባላቱ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ስለ ሥራቸው በየጊዜው እንዲወያዩ ያዛል። ሲግመንድ ፍሮይድም እ.ኤ.አ. በ1937 የነፍስ ሐኪሞች በየአምስት ዓመቱ ገደማ ራሳቸው እንደ ታካሚ ተመልሰው እንዲቀርቡ፣ በዚህም እንዳያፍሩ መክረዋል።

ይህን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በአንድ ክፍል የሚሠሩ ነርሶች በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ቢሰበሰቡ፣ የበሽተኛ ስም ሳይጠሩ የከበዳቸውን ሊነጋገሩ ይችላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ ነው። አለቆችም ከባድ በሽተኞችን በተራ ማደላደል፣ የዕረፍት ፈቃድም በወቅቱ እንዲወሰድ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

ቤተሰብስ? ባለሙያዋ ከሥራ ስትመለስ ዝም ካለች፣ ዝምታዋን እንደ ኩርፊያ አትቁጠሩት። «ዛሬ ምን ሰማሽ?» ብላችሁም አታስጨንቋት። ልብሷን ቀይራ ግማሽ ሰዓት ያህል አረፍ እስክትል ባልና ልጆች የቤቱን ሥራ ይያዙላት።

እናንተ ባለሙያዎች ደግሞ፣ ኀዘኑ ለሳምንታት ካልለቀቃችሁ ወይም ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ሐኪም ሂዱ። ለታካሚዎቻችሁ ዘወትር የምትሰጡት ምክር ለእናንተም ይሠራል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።