የፋይዳ ቁጥርና የሻከረ ጣት

ለመሆኑ አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ «እኔ ነኝ» ሲል መሣሪያ እንዴት ያምነዋል? የቀበሌ መታወቂያ ሲሆን ፎቶውንና ፊቱን አስተያይቶ የሚፈርድ ሰው አለ።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ፋይዳ፣ ለተመዝጋቢው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። በምዝገባው የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ምስልና የፊት ፎቶግራፍ ይወሰዳል፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብም ከቀደሙት ጋር ይመሳከራል። ቁጥሩን ማወቅ ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ቁጥርማ ጎረቤትም ይሸመድደዋል! ስለዚህ በስልክ የሚላክ፣ ላንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የምሥጢር ቁጥር፣ አለዚያም አሻራ ይጠየቃል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ዕድሜ ልኩን ዶማ የጨበጠ ገበሬ፣ ልብስ ስታጥብ የኖረች እናት፣ የጣታቸው መስመር ይደበዝዛል። አድሃር የሚባለው ተመሳሳይ መታወቂያ በሚሠራባት በህንድ፣ አሻራቸው አልነበብ ያለ አዛውንቶች ራሽን ሳይሰጣቸው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ሰዎቹ እዚያው ቆመው እኮ ነው! ዓይን የሚመዘገብበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ግን የዓይን ማንበቢያው በየመንደሩ ሱቅ ከየት ይመጣል? ስልክ የሌለውስ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ማሽኑ «አላውቅህም» ባለ ቁጥር መዝገብ ይዞ ፊት አይቶ የሚወስን ሠራተኛ እዚያው ሊኖር ይገባል።