ብስክሌትን በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ላይ ስለ መጫን

የጭነት ነገር ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። በቅሎና አህያ ሲጭኑ የኖሩ አባቶቻችን፤ ጭነቱ በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ መንገዱ ሳይጋመስ እንደሚዞር፤ ጠፍሩም ከላላ እንስሳው እንደሚቆስል አጥርተው ያውቁ ነበር። ዛሬ ጭነቱ ብስክሌት፤ ተሸካሚውም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድ አውቶሞቢል ቢሆን ሕጉ ያው ነው፤ ተሸካሚው የሚችለውን ማወቅ፤ ጭነቱን ማስተካከል፤ ማሰሪያውንም መመርመር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን፤ ነገሩ የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ እየሆነ በመሄዱ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፤ በከተማችን ጐዳና በባትሪ የሚሄዱት እየበዙ ሄደዋል። በሰንበት ቀን ልጆቹን ይዞ ከከተማ ሊወጣ የሚያስብ የቤት ጌታም፤ የተራራ ብስክሌቶቹን በምን አኳኋን እንደሚጭናቸው መጠየቁ አይቀርም።

መድረሻው የሩቅ አገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥቶ ሰበታን ያለፈ ሰው ተፍኪ ሲደርስ የበቾ ሜዳ ይከፈትለታል። በክረምት የአዋሽ ውሃ ተኝቶበት ወፍ የሚሰፍርበት፤ በበጋ ደግሞ ጥቁሩ የዋልካ መሬት ደርቆ ጤፍና ሽምብራ የሚሰበሰብበት ሰፊ አገር ነው። ከዚያ በመለስ፤ በሰበታ በኩል፤ የወጨጫ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በጥጉም ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት አስተከሉት የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ወደ ፊት የቀጠለ ደግሞ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር በምትርቀው በወሊሶ በኩል ወደ ወንጪ ሐይቅ ይወጣል።

ምርጫው ለጊዜው ትንሽ ይመስላል፤ የሚያስከትለው ግን ትንሽ አይደለም። የጅማ መንገድ የከባድ መኪና፤ የባጃጅ፤ የጋሪና የእግረኛ መንገድ ነው፤ ከአውቶሞቢል ላይ ተፈቶ የሚወድቅ ብስክሌት ከኋላ የሚመጣውን ሰው ሊገድል ይችላል። ደግሞም ኃይል የሚሞላባቸው ጣቢያዎች ከዋናው ከተማ ውጭ ጥቂቶች ስለሆኑ፤ ጭነቱ የሚበላውን ኃይል ሳያስላ የወጣ ሰው ሲመሽ ሚስቱንና ልጆቹን በመንገድ ላይ ይዞ መቅረቱ የማይቀር ነው።

የብስክሌት መጫኛ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በጣሪያ ላይ በፖርቶመጋላ የሚታሰረው፤ ሁለተኛው በኋላ መዝጊያ ላይ በጠፍርና በመንጠቆ የሚንጠለጠለው፤ ሦስተኛው ከኋላ በተሳቢ መጎተቻ ብረት ላይ የሚቆመው ነው።

የጣሪያው መጫኛ ከሁሉ የቆየና በዋጋም የማይከብድ ነው፤ የኋላውን መዝጊያም አይዘጋም። ነገር ግን ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ጣሪያቸው መስተዋት ስለሆነ፤ አስቀድሞ የሚፈቀደውን ክብደት ማወቅ ግድ ነው። በአንዳንዱ ዓይነት 75 ኪሎ ግራም ይፈቀዳል፤ በሌላው ግን ምንም ጭነት አይፈቀድም፤ የሚፈቀደውም ክብደት የፖርቶመጋላውን ብረት ጭምር የያዘ ነው። ቁመቱም ሌላ ነገር ነው። 1 ሜትር ከ65 በሆነ አውቶሞቢል ላይ ብስክሌት ሲቆም ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ይህን የረሳ ሰው ከመንገድ ደክሞ ሲመለስ የግቢውን በር ደፍ በብስክሌቱ ይመታዋል። 15 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ከራስ በላይ አንሥቶ መጫንም ለሁሉ የሚቻል አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ የሚጭነው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

በጠፍር የሚንጠለጠለው መጫኛ ርካሽ ነው፤ በማንኛውም አውቶሞቢል ላይ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን መንጠቆው የሚያርፈው በመዝጊያው ጠርዝ ላይ ነው፤ የዛሬዎቹ መዝጊያዎች ላይኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ወይም መስተዋት ስለሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል። መዝጊያው በኤሌክትሪክ ኃይል ራሱ የሚከፈት ከሆነም፤ ጠፍሩ ታስሮ ሳለ ቁልፉ ሳይታሰብ ቢነካ ሞተሩ ይጎዳል፤ ስለዚህ ያንን ሥራ አስቀድሞ ማጥፋት ያስፈልጋል። ይህን ዓይነት የምንመክረው አምራቹ ለዚያ አውቶሞቢል እንደሚሆን በጽሑፍ ላረጋገጠው ብቻ ነው።

በመጎተቻው ብረት ላይ የሚቆመው መጫኛ ከሁሉ ይሻላል። ብስክሌቱ እስከ ጉልበት ብቻ ተነሥቶ ይጫናል፤ ሚዛኑም ይጸናል። ነገር ግን አውቶሞቢሉ መጎተቻ እንዲገጠምለት አምራቹ የፈቀደው መሆን አለበት። ከቻይና ገበያ የመጡት ብዙዎቹ መጎተቻ የላቸውም፤ መመሪያ መጽሐፋቸውም በቻይንኛ የተጻፈ ስለሆነ ማንበብ የሚችል ሰው ፈልጎ ማስተርጐም ይገባል። ባትሪው ከወለሉ በታች ተዘርግቶ፤ ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉት ብርቱካናማ ገመዶችም በዚያ የሚያልፉ ስለሆነ፤ በግምት ብረት በያጅና ቡሎን ቀዳዳ በከፈተ ሠራተኛ እጅ አውቶሞቢሉን መስጠት በሕይወት መጫወት ነው።

መጎተቻው ካለም ሂሳቡ አይቀርም። ወደ ታች የሚሸከመው ክብደት በላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህ 75 ኪሎ ቢሆን፤ መጫኛው ራሱ 20 ኪሎ፤ ሁለት ብስክሌት በ15 በ15 ሲደመር 50 ኪሎ ይሆናል፤ ይህ መልካም ነው። አራት ብስክሌት ከሆነ ግን 80 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም ከተፈቀደው ያልፋል። ሞተር ያላቸው ብስክሌቶች ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ስለሆነ፤ ሁለቱ ብቻ እንኳ ወሰኑን ይጠጋሉ። እንግዲህ አባትና እናት የራሳቸውን ከኋላ ጭነው፤ የሕፃናቱን ትናንሽ ብስክሌቶች በውስጥ ቢያደርጉ ይሻላል።

አሁን ወደ ኃይሉ ነገር እንመለስ። ብዙ ሰው ባትሪውን የሚጨርሰው ክብደቱ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ነፋሱ ነው። ከተፍኪ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው 300 ሜትር ያህል ከፍታ ቢወጣ፤ 50 ኪሎ ጭነት ለዚያ የሚፈጀው ኃይል በ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። የአየር መከላከል ግን በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ወደ 100 ቢያሳድግ መከላከሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በጣሪያ ላይ የቆመ ብስክሌት ያልተነካ ነፋስ በፊቱ ይቀበላል፤ ከኋላ ያለው ግን በአውቶሞቢሉ ጥላ ውስጥ ስለሚሆን የሚጎትተው ያነሰ ነው። ባዶ ፖርቶመጋላ እንኳ ነፋስ ስለሚይዝ፤ ሥራ በሌለው ቀን ፈትቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል። በጣሪያ ለመጫን የተገደደ ሰው ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነቱን ቢቀንስ፤ የአየሩ መከላከል ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው የኃይል መሙያው አፍ በየት እንደሆነ ያስታውስ። የቮልስዋገን አይዲ 4 አፍ በቀኝ የኋላ ጎን ነው፤ የቢ ዋይ ዲ ዩዋን ፕላስ ግን በቀኝ የፊት ጎን ነው። አፉ ከኋላ ከሆነ የብስክሌቱ መሪ ወይም ጎማ እንዳይጋርደው፤ በጣቢያውም ወደ ኋላ ሲጠጉ ብስክሌቱ ምሰሶውን እንዳይመታ መጠንቀቅ ነው። ከኋላ የተጫነ ብስክሌት ታርጋውንና መብራቱን ስለሚሸፍን፤ የራሱ መብራትና የታርጋ ቦታ ያለውን መጫኛ መምረጥ ይገባል። የኋላ ካሜራውና መጠንቀቂያውም ብስክሌቱን እንደ እንቅፋት እያዩ ሊጮኹ ስለሚችሉ፤ አንድ ሰው ወርዶ ከኋላ ቢያይ የተሻለ ነው።

የተራራ ብስክሌት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጎማው ሰፊ ስለሆነ ለቀጭን ጎማ የተሠራ ማስቀመጫ አይበቃውም። የላይኛው አግዳሚ ብረቱ ዘቅዛቃ ስለሆነም በአግዳሚው የሚንጠለጠልበት መጫኛ ያዘነብለዋል። አካሉ ከካርቦን የተሠራ ከሆነ፤ ብረቱን ጨምቆ የሚይዝ መጫኛ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ጎማውን ብቻ የሚይዘውን መምረጥ ነው። ስለዚህ የገዛ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ሻጩ ሄዶ፤ ጭኖ አይቶ መግዛት ከሁሉ ይበልጣል።

ተገዝቶ ከተገጠመም በኋላ ሥራው አላለቀም። ከባዱ ብስክሌት ወደ አውቶሞቢሉ ቀርቦ፤ ቀላሉ ወደ ውጭ ሆኖ ይታሰር። ተነቃይ ዕቃ ሁሉ ይውረድ። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ወርዶ ማሰሪያውን በእጅ ነቅንቆ መመርመር፤ ከአስፋልት ወደ ጥርጊያ ሲገቡም እንደገና ማየት ያስፈልጋል። የኋላው መጫኛ የአውቶሞቢሉን ርዝመት ስለሚጨምር፤ በጉብታና በቦይ ላይ ሲያልፉ ጫፉ መሬት እንዳይነካ ቀስ ማለት ይገባል። በመጀመሪያው ጉዞ ደግሞ እስከ ተፍኪ ብቻ ሄዶ፤ ባትሪው ከመቶ ስንት እንደ ቀነሰ በወረቀት መጻፍ ብልህነት ነው፤ ወደ ወሊሶና ወደ ወንጪ ለሚደረገው ጉዞ እውነተኛው መለኪያ ይህ ይሆናልና።

አውቶሞቢሉ መጎተቻ የማይፈቀድለት፤ ጣሪያውም የማይሸከም ሆኖ የተገኘ እንደሆነ፤ ቤተ ሰቡ ተስፋ አይቁረጥ። የተራራ ብስክሌት የፊትና የኋላ ጎማው በጥቂት ደቂቃ ይፈታል፤ የኋላው ወንበር ታጥፎ አሮጌ ብርድ ልብስ ቢነጠፍበት ሁለቱ በውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ሲሆን ነፋስ አይጎትትም፤ ሌባም አያይም፤ የሚጎድለው የሰው ቦታ ብቻ ነው። ልጆች የሚሄዱ ከሆነ በሁለት ጊዜ መመላለስ ወይም ከዘመድ አውቶሞቢል ጋር መተባበር ይቻላል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፤ ላንድ ሰንበት ደስታ ተብሎ ያልተፈቀደ ብረት ከማስበየድ፤ አንድ ሳምንት ቆይቶ የሚስማማውን መፈለግ የቤት ጌታም የእመቤትም ግዴታ ነው።